በአስቸኳይ ተፈጻሚ የሆነው አፕዴት

ፕሪንተራችን ከመሞቱ በፊት ያተማት የመጨረሻ ወረቀት የራሱን የሞት ፍርድ የያዘች ነበረች። ለማጋነን ብዬ አይደለም፤ ወረቀቷ ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለች፤ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ አላት።

የምሠራው ቦንጋ ውስጥ፣ ስሙን ልተወውና፣ የሠራተኞችና የመምህራን ፋይል በሚገኝበት አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የሥራ መደቤ በወረቀት ላይ ሁለት መስመር የሚሞላ ስም አለው። በተግባር ግን «ይኼ ነገር እንቢ አለኝ» ሲባል ሮጦ መሄድ ነው። እንቢ ያለው ነገር ከአስር ጊዜ ዘጠኙን ያልተሰካ ገመድ ነው። አሥረኛውን ልነግራችሁ ነው።

ነሐሴ ላይ ነው፤ ሰኞ ጠዋት። ዝናቡ ከሌሊት የጀመረውን አላቋረጠም። የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ሲከፈት ስክሪኑ ላይ አንድ ሰማያዊ መልእክት ወጣ፤ አዲስ ሲስተም ተዘጋጅቶልዎታል፣ አሁኑኑ ያሻሽሉ የሚል። እኔ ብሆን «በኋላ» የሚለውን ተጭኜ ሻይ እጠጣ ነበር። መጀመሪያ ያዩት ግን ኃላፊያችን ናቸው።

ኃላፊያችን ጨዋ ሰው ናቸው። በማንም ላይ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጠባይ ብቻ አላቸው፤ ተጽፎ የመጣ ነገር ሁሉ ለእሳቸው ከበላይ አካል የመጣ ነው፤ ከበላይ አካል የመጣ ደግሞ ይመራል እንጂ አያድርም። ስክሪኑን በስልካቸው ፎቶ አነሱት። ፎቶውን አሳተሙት። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለአይሲቲ ባለሙያ፤ በአስቸኳይ ተፈጻሚ ሆኖ ሪፖርት ይደረግ» ብለው ፈረሙበት፣ ቲተራቸውን መቱበት፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጡትና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ።

ወረቀቷን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ ትዕዛዝ አይደለም። ማስታወቂያ ነገር ነው። ብንተወው ማንም አይጠይቀንም።»

«ከየት ነው የመጣው?»

«ሲስተሙን ከሠራው ኩባንያ።»

«ኩባንያው የት ነው ያለው?»

«ውጭ አገር።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ከዚህ በላይ የበላይ አካል የት ይመጣል?»

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ። ማስቆም እችል ነበር። ፕሪንተሩ አርጅቷል፤ አዲሱን ሲስተም ላይቀበል እንደሚችል ጠርጥሬያለሁ። ነገር ግን በጽሑፍ የተመራ ነገር በቃል አይመለስም፤ እኔም በጽሑፍ አስተያየት ማቅረብ፣ ቁጥር ማሰጠት፣ አስተያየቱ እስኪመራ መጠበቅ ነበረብኝ። ሰነፍኩ። ስንፍናው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አዲሱን ሲስተም ለማየት እኔም ጓጉቻለሁ። ዲስኩ ሞልቶ ቦታ አነሰ ሲለኝ ጊዜ የድሮውን ቅጂ ጭምር በገዛ እጄ አጠፋሁት፤ ወደ ኋላ መመለሻውን ድልድይ ማለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ጠርጥሬም ተመንጥሬያለሁ።

ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ አምሮበት ተነሣ፤ ፊቱ ላይ የማላውቀው ባሕርና ተራራ ይታያል። ኃላፊው መጥተው አዩትና «ጥሩ ነው፤ ሪፖርቱን አዘጋጅ» አሉኝ። ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ «በተሰጠው መመሪያ መሠረት በስኬት ተጠናቋል» የሚል። አትም አልኩት። ዝም።

የጎደለው ድራይቨር ነበር፤ ድራይቨር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው፤ አስተርጓሚ ነው። ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ካፊኖኖ ብቻ ይናገራል፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣው ሠራተኛ አማርኛ ብቻ ያውቃል፤ መሃል ላይ የሚቆም ሰው ከሌለ ሁለቱም ጤነኞች ሆነው ሥራው ይቆማል። የእኛም ኮምፒውተር ጤነኛ ነበር። ፕሪንተሩም ጤነኛ ነበር። የሞተው አስተርጓሚው ነው። ለዚህ አሮጌ ፕሪንተር አዲሱን ሲስተም የሚያውቅ አስተርጓሚ ደግሞ ማንም አላዘጋጀለትም።

መምህሯ የመጣችው በዚያው ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከደካ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ለብሷል፣ ማስረጃዎቿ ግን በሁለት ፌስታል ተጠቅልለው ደርቀዋል። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች። ደካ በምትገኝበት በጌሻ ወረዳ አሥራ አራት ዓመት አስተምራለች። ከተወለደችበት አገር ስትመደብ ለሁለት ዓመት ብላ ነበር የመጣችው። እናቷ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ባለፈው ክረምት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደግሞ ከአልጋ አልወረዱም። የሚያበላቸው ጎረቤት ነው። ስድስት ጊዜ ዝውውር ጠይቃ ስድስት ጊዜ ቀርቶባታል። በሰባተኛው ወጣላት።

የቀራት አንድ ወረቀት ነው፤ የሥራ ልምዷንና መልቀቂያዋን የያዘ ደብዳቤ፣ ከእኛ። ዋናውን ቅጂ በእጇ ይዛ እስከ ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት ተቀባዩ መሥሪያ ቤት መድረስ አለባት፤ ካልደረሰች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፣ እሷም ለከርሞ ትመዘገባለች። መንገዱ አንድ ቀን ተኩል ነው። ስለዚህ ሐሙስ ንጋት ላይ ከቦንጋ መናኸሪያ መሳፈር ግድ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ረቡዕ ከሥራ መውጫ በፊት መታተም።

«ቀላል ነው፣ መምህር» አልኳት። ይህን ቃል አስታውሰዋለሁ።

ለምን ሌላ ቦታ አላሳተምክም የሚለኝ ሰው አለ። ሁሉም ይለኛል። አርማና ተከታታይ ቁጥር ያለው ወረቀታችን ከግቢ አይወጣም። ከዓመታት በፊት ጥቂት ባዶ ቅጠሎች ወጥተው በሐሰት ደብዳቤ ተመልሰው ስለመጡ ይህ ሕግ ሆኗል፤ ኃላፊው በዚህ ላይ ንቅንቅ አይሉም። ግቢው ውስጥ ያለው ሌላው ፕሪንተር ደግሞ ቶነር ከጨረሰ ወራት አልፎታል፤ የጠየቅነውም ግዥ ላይ ነው።

መዝገብ ቤታችን ውስጥ አንድ እናት አሉ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ፤ ጽሕፈታቸው ተለክቶ የተደረደረ ነው የሚመስለው፤ ዛሬም የፋይል ክላሰር ጀርባ ላይ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። እኔ ፕሪንተሩን ስነቅልና ስሰካ አይተው ጥቁር እስክሪብቷቸውን ከመሳቢያ አወጡ።

«ልጄ፣ ወረቀቱን አምጣውና በእጄ ልጻፍላት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

ሳቅሁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅሁ። «እትዬ፣ በዚህ ዘመን የእጅ ጽሑፍ ይዛ ብትሄድ እኮ መጫወቻ ነው የሚያደርጓት» አልኳቸው።

መምህሯ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። ባለሙያው እኔ ነኝ። እትዬ የእስክሪብቷቸውን ክዳን ገጥመው ወደ መሳቢያው መለሱት፤ ሁለተኛም አላነሱትም።

ማክሰኞ የፕሪንተሩን ሲዲ ፍለጋ ተነሣሁ። ፕሪንተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣ ሲዲ አለ፤ በንብረትነት ተመዝግቧል፤ የተቀመጠው ንብረት ክፍል ውስጥ፣ በቁልፍ ነው። ንብረት ክፍል ኃላፊው ደግሞ አጎቱ ሞቶበት ለለቅሶ ወደ ዋጫ ከተማ ሄዷል። ደወልኩለት። ከጀርባው የለቅሶ ድምፅ ይሰማል፤ አፈርኩ፣ ግን ጠየቅሁ።

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው» አለኝ።

«መምህሯ ከረቡዕ አታልፍም። መዝጊያውን ሰብረን ብንከፍተውስ?»

«ክፈቱት። ግን መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ኮሚቴው ደግሞ በደብዳቤ ነው የሚቋቋመው።» ከዚያም «የታተመ» ብሎ ጨመረ።

አልቀለደብኝም፤ የምሩን ነው። ስልኩን ዘጋሁና ግድግዳውን አየሁት።

ከኢንተርኔት ላውርደው ብዬ ስልኬን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁ። ፋይሉ ትልቅ ነው፤ ኔትወርኩ ደግሞ ዝናብ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ከምሳ በፊት ዘጠና ሁለት በመቶ ደረሰ። ሁላችንም ስክሪኑን ከብበን ቆመናል፤ ኃላፊው፣ የሒሳብ ክፍሏ ሴት፣ ጥበቃው ሳይቀር። በዘጠና ሁለት መብራት ሄደ።  ጥበቃው «የእኛ ነገር» ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። ከሰዓት እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ፤ በመጨረሻ ወረደ፤ ጫንኩት፤ «ከዚህ ሲስተም ጋር አይስማማም» አለኝ። ለዚህች አንድ መስመር ነው ቀኑን ሙሉ የጠበቅሁት። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁና ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ እምነት አለ፤ ማሽን አልሠራ ሲል ሌላ ሰው ቢነካው ይሠራል ይባላል፤ እጁ ቀና የሆነ ሰው። የመምህሯ ደብዳቤ ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ስለነበር የመጣ ሁሉ «እስቲ እኔ ልሞክረው» እያለ አትም የሚለውን ይጫናል። ኃላፊው ሦስት ጊዜ ሞከሩ። የሒሳብ ክፍሏ ሴት ሞከረች። ከቢታ ገነት ለሌላ ጉዳይ የመጣ ባለጉዳይ ሳይቀር ሞከረ። ጥበቃው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሞከረ። መምህሯም በመጨረሻ ተነሥታ አማተበችና አንዴ ተጫነችው። አትንኩ ብዬ እጮህ ነበር፤ ግን በምን አፌ? እኔም እኮ የነካሁት በቂ ነው።

ረቡዕ ጠዋት የንብረት ክፍል ኃላፊው ከዋጫ ተመለሰ። ጸጉሩን ተላጭቷል። ሐዘንተኛን እንደገባ ሲዲ አምጣ አይባልም፤ ተቀመጥን፣ ነፍስ ይማር አልን፣ አጎቱ ምን እንደነበረ፣ እንዴት እንደሞተ ጠየቅን፤ እሱም ረጋ ብሎ ነገረን። የሰው ልብ ያለኝ መሆኔን ለማሳየት ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ዓይኔ ግን የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰዓት የሚያይ ሰው መሆኔን ጠላሁት። አራት ተኩል ላይ የንብረት ማውጫ ቅጹን፣ ሞዴል ሃያ ሁለትን፣ አስፈርሞኝ ሲዲውን ሰጠኝ።

ሲዲውን ይዤ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አልኩ። አዲስ ኮምፒውተር ሲዲ የሚጎርስበት አፍ የለውም። ይህን እኔ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ግን ሲዲውን ማግኘት እንጂ ማጉረስ ትዝ አላለኝም። ከቢሮው ጀርባ ሊወገዱ የተከማቹ አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ከእነሱ አንዱን ያለ ኮሚቴ ፈታሁና ማጫወቻውን አወጣሁ፤ ገመድ አገናኝቼ አስነሣሁት። ሲዲው ተሽከረከረ፣ ተነበበ፣ ተከፈተ። ለድሮው ሲስተም የተሠራ ድራይቨር ነው። አዲሱ ዓይቶት አለፈው።

መምህሯ ሦስቱንም ቀን ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች። ምሳ ሰዓት ወጥታ ትመለሳለች፤ ሌላውን ጊዜ ፌስታሎቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ። ለእናቷ ጎረቤት በስልክ «ዓርብ እገባለሁ፤ ለእማዬ ንገሪያት» ስትል ሰምቻታለሁ። በየሰዓቱ አንገቴን ሳወጣ «ተስፋ አለው?» ትለኛለች። «አለው» እላታለሁ። ረቡዕ አስራ አንድ ሰዓት ላይም «አለው» ብያታለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም፤ የለም ብላት ኖሮ ቢያንስ ሌላ ሰው ትጠይቅ ነበር። አስራ አንድ ተኩል ላይ ጥበቃው ቁልፉን እያንቃጨለ መጣ። ወጥቼ አልሆነም አልኳት።

«እሺ» አለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ፌስታሎቿን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከተተች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ንጋት አውቶቡሱ ያለ እሷ ሄደ። እሷ በሚኒባስ ወደ ደካ ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት ተስፋ የቆረጠ ሰው ሆኜ ፕሪንተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሲስተሙ ራሱ ውስጥ የፕሪንተሮች ዝርዝር አለ። የእኛ ሞዴል እዚያ የለም፤ ሰኞ ያየሁት ነው። ከእሱ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ፣ እኛ ያልገዛነው፣ አይተነውም የማናውቅ ሌላ ሞዴል ግን አለ። ምን ይመጣል ብዬ የእሱን መረጥኩ። አራት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ፕሪንተሩ አጓራ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ወረቀት ሳበ።

መጀመሪያ የወጣው «በስኬት ተጠናቋል» የሚለው የሰኞው ሪፖርቴ ነው፤ ቀጥሎ የመምህሯ ደብዳቤ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል ሁለተኛ ደብዳቤ ወጣ። ሦስተኛ። ለካስ ከሰኞ ጀምሮ የተጫነው ሁሉ አልጠፋም፤ ውስጥ ተሰልፎ ተራውን ሲጠብቅ ነበር። የኃላፊው ሙከራ ወጣ፣ የሒሳብ ክፍሏ ሴት የሞከረችው ወጣ፣ የቢታ ገነቱ ሰውዬ የሞከረው ወጣ፣ የጥበቃው ወጣ። ከመካከላቸው አንዷ መምህሯ አማትባ የተጫነቻት ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አይለይም። አሥራ ሰባት ደብዳቤ፣ ሁሉም አርማና ቁጥር ባለው ወረቀት ላይ፣ ሁሉም እሷ አሥራ አራት ዓመት በታማኝነት ማገልገሏን የሚመሰክር። ማቋረጥ እችል ነበር። ግን እየወጡ ሲሄዱ አንድ በአንድ እየተቀበልኩ ደረደርኳቸው።

እትዬ ከጠረጴዛቸው ሆነው አዩኝ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ፤ ወደ ፋይላቸው ተመለሱ።

አሥራ ሰባት ባለ ቁጥር ወረቀት ባክኗል ማለት ነው፤ ኃላፊው ሲሰሙ «በጽሑፍ አብራራ» አሉኝ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ያንን ኮምፒውተር መንካት ቀርቶ ማየት አልፈለግሁም። መሳቢያዬን ከፍቼ አንድ ባዶ ነጭ ወረቀት አወጣሁ፤ አንድ ገጽ ተኩል ማብራሪያ በእጄ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ወሰድኩላቸው። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው። አነበቡት። በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል፤ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ብለው መሩት።

በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ በእጅ የተጻፈ ነው እኮ።»

«አየሁት።»

«የመምህሯ ደብዳቤ በእጅ ተጽፎ ቢመጣልዎት ኖሮ ይፈርሙ ነበር?»

ገርሟቸው ቀና አሉ። «አርማው ካለ፣ ቁጥሩ ካለ፣ ማኅተም ካረፈበት፣ ምን ከለከለኝ? እኔ ራሴ የተቀጠርኩት እትዬ በእጃቸው በጻፉት ደብዳቤ ነው። ማን ጠየቀኝ?»

ማንም አልጠየቃቸውም። ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሱን እኔ ሰጥቼላቸዋለሁ። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ይቀበላት ነበር ወይ? አላውቅም። የማላውቀው ስላልሞከርኩት ነው። እትዬን ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ «ተወው» አሉኝ፤ ግን እስክሪብቶው ከመሳቢያ እንደማይወጣ አውቄያለሁ።

ከሰዓት ለመምህሯ ደወልኩ። ደካ ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል። ምን እንደምላት አላዘጋጀሁም። ደብዳቤው ታትሟል አልኳት፤ ይጠቅማት ይመስል። ስንት ጊዜ እንደታተመ አልነገርኳትም። ስለ እትዬም፣ ስለ ኃላፊው መልስም ሁሉንም ነገርኳት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት።

 

«ማሽኑ አሁን ይሠራል?» አለችኝ።

«ይሠራል።»

«በል እንግዲህ፣ ወንድሜ፣» አለች፣ «አደራህን፣ እስከ ከርሞ ድረስ እንዳትነካው።»